የተነቀለ አረር ልግዛ ወይስ አዲስ? ለሽጉጥ ጥይት ሞይዎች የንጽጽር መመሪያ

ጥይቱን ራሱ የሚሞላ ሰው ወጪውን ሲያሰላ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው ድርሻ የአረሩ መሆኑን ያገኘዋል። ቀለሃው ከመሬት ተለቅሞ ደጋግሞ ያገለግላል፤ ባሩዱ ለአንድ የሽጉጥ ጥይት የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። አረሩ ግን አንዴ ከአፈሙዝ ከወጣ አይመለስም። «የተነቀለ አረር በቅናሽ» የሚለው ማስታወቂያ ልብ የሚያማልለው ለዚህ ነው።

አረር የምለው ከበርሜሉ ወጥቶ የሚበረውን ክፍል ብቻ ነው፤ ባሩድ፣ መለኮሻ ቆብና ቀለሃ ራሳቸውን የቻሉ ዕቃዎች ናቸው። የተነቀለ አረር ደግሞ ተተኩሶ የማያውቅ፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሙሉ ጥይት ውስጥ ገብቶ ኋላ የወጣ ነው። ፋብሪካ በቀለሃው ወይም በመለኮሻው ጉድለት ምክንያት የጣለው ምርት ይፈታል፤ የጦር ክምችት ጊዜው ሲያልፍ ይፈታል፤ ከዚያ አረሩ በከረጢት ተሞልቶ ለገበያ ይቀርባል። በነገሩ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር የለም። ችግሩ በዚያው ስም የሚሸጠው ዕቃ በጣም የተለያየ መሆኑ ነው፤ አንዱ ከረጢት ከአዲስ የማይለይ፣ ሌላው ደግሞ ባይገዛ የሚሻል ይሆናል።

በመጀመሪያ ምን እንመዝን?

ከዋጋ በፊት የሚመጣው ማንነት ነው። ባሩድ አምራቾችና አረር አምራቾች የሚያወጧቸው የአሞላል ሠንጠረዦች የተዘጋጁት ለተወሰነ ውፍረት፣ ክብደትና አሠራር ነው። የያዙት አረር ምን እንደሆነ ካላወቁ የትኛውን መስመር እንደሚያነቡም አያውቁም። የ9 ሚሊ ሜትር ሉገር አረር ውፍረቱ 9.02 ሚሊ ሜትር (0.355 ኢንች) ነው። የ.38 ስፔሻልና የ.357 ማግነም ልባስ (የመዳብ ቅይጥ ሽፋን) ያለው አረር 9.07 ሚሊ ሜትር (0.357 ኢንች) ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ማካሮቭ ደግሞ 9.27 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሦስቱም ከረጢት ውስጥ ተደባልቀው ቢቀመጡ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ወፈር ያለው ጠባብ በርሜል ውስጥ ሲገባ ግን ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ቀጭኑ ሰፊ በርሜል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዒላማ አይመታም። የ.40 ኤስ ኤንድ ደብሊው 10.16፣ የ.45 ኤሲፒ 11.46 ሚሊ ሜትር በመሆናቸው ቢያንስ እነዚህ ከሌላው ጋር አይምታቱም።

ክብደትም እንዲሁ ነው። አረር በግሬን ይመዘናል፤ አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ነው። ለ9 ሚሊ ሜትር የተለመዱት 115፣ 124 እና 147 ግሬን ናቸው፤ ለ.45 ኤሲፒ 185፣ 200 እና 230። ለ115 ግሬን በተጻፈ የባሩድ መጠን ላይ የ147 ግሬን አረር ማስቀመጥ ሽጉጥንም እጅንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የአረሩ አካል ሁኔታ ነው፤ በተለይ ታችኛው ጫፉ። ገዢ ሁሉ የሚያየው አፍንጫውን ነው፤ ሻጭም ፎቶ የሚያነሳው አፍንጫውን ነው። ዒላማ የመምታትን ነገር የበለጠ የሚወስነው ግን መቀመጫው ነው። ከበርሜሉ ሲወጣ ከኋላ የሚገፋው ጋዝ በመጨረሻ የሚለቀው በመቀመጫው ዙሪያ ስለሆነ፣ በአንድ ወገን የተጎዳ መቀመጫ አረሩን ወደ ጎን ያዘነብለዋል። አፍንጫው ላይ ያለ ትንሽ ጭረት በ15 ሜትር ርቀት ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

ሦስተኛው ወጥነት ነው፦ ከረጢቱ ከአንድ ምርት የመጣ ነው ወይስ የብዙ ቦታ ቅልቅል? አራተኛው ትክክለኛው ዋጋ ነው፤ እርሱን ለብቻው እመለስበታለሁ። አምስተኛው ደግሞ የሚጠይቀው የእጅ ሥራ ነው፤ ማጽዳት፣ መደርደር፣ መለካት። ጊዜውን እንደ ገንዘብ የማይቆጥር ሰው ይህን መለኪያ ይዝለለው።

አዲስ ልባስ ያለው አረር

መነሻችን ይህ ነው። የእርሳስ እምብርት በመዳብ ቅይጥ ልባስ ተሸፍኖ ይሠራል። ማንነቱ በካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ ሠንጠረዡ አለ፣ ሥራ አይጠይቅም። ዋጋው ከፍተኛ ነው። ሌላ የሚባል የለውም።

ከአንድ ምርት በማሽን የተነቀለ

ከተነቀሉት መካከል ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ፋብሪካ ወይም ፈቃድ ያለው ፈቺ ድርጅት አንድ ዓይነት ጥይት በብዛት ሲፈታ፣ አረሩ ሁሉ አንድ ክብደት፣ አንድ ቅርጽ፣ አንድ አሠራር ይኖረዋል። ሻጩ ክብደቱንና ዓይነቱን በእርግጠኝነት መናገር ይችላል።

በላዩ ላይ የሚታዩት ምልክቶች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱም የተለየ ፍርድ ይፈልጋል። የመጀመሪያው የቀለሃው አፍ ተጨብጦበት የቆየ ቀጭን ቀለበት ነው። ጥልቀቱ በጥፍር ሲዳሰስ እምብዛም የማይሰማ ከሆነ ምንም አይደለም። ጠልቆ ልባሱን የቆነጠረ ከሆነ ግን እዚያ ቦታ ላይ አረሩ ቀጥኗል ማለት ነው፤ በአዲሱ ቀለሃ ውስጥ ላልቶ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጨባጩ መንቀያ በአፍንጫው ትከሻ ላይ የተወው የጥርስ ምልክት ነው፤ አብዛኛው ለዓይን ብቻ የሚያስጠላ ነው። ሦስተኛው ከጦር ጥይት የሚመጣው የማሸጊያ ሬንጅ ነው። እርጥበት እንዳይገባ በቀለሃው አፍ ውስጥ የተቀባው ጥቁር ቅባት በአረሩ ወገብ ላይ ይቀራል። ካልተጠረገ የመሙያ መሣሪያውን ያቆሽሻል፤ አረሩ በቀለሃው ውስጥ የሚያዝበትን ኃይልም ከአንዱ ወደ ሌላው ያለያየዋል። በነዳጅ ዘር ማሟሟያ ይለቃል፤ ሥራው ግን አሰልቺ ነው፤ ከእሳትም መራቅ አለበት።

ጫፉ የተቦረቦረ አረር ሲነቀል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መዶሻ በሚመስለው መንቀያ ተመትቶ የወጣ ከሆነ አፍንጫው ከመሣሪያው ወለል ጋር ተላትሞ ሊዳምጥ ይችላል፤ ቀዳዳው ውስጥም ባሩድ ይሰገሰጋል። በሌላ በኩል የዚህ ዓይነቱ አረር ልባስ መቀመጫውን የሚሸፍን በመሆኑ ታችኛው ጫፉ በነቀላ ጊዜ በቀላሉ አይጎዳም። ሙሉ ልባስ ያለው ክብ አፍንጫ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ልባሱ ከአፍንጫ ጀምሮ ስለሚወርድ መቀመጫው ላይ እርሳሱ ይገለጣል።

ድብልቅ የተነቀለ

«የተለያየ 9 ሚሊ ሜትር፣ በኪሎ» የሚል ማስታወቂያ ሲያጋጥም ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ሻጩ ራሱ ምን እንደያዘ አያውቅም፤ ያለማወቁን ለእርስዎ በቅናሽ እየሸጠ ነው። የ124 ግሬን አረር 8 ግራም ያህል ስለሚመዝን አንድ ኪሎ ወደ 124 ፍሬ ይሆናል፤ የ115 ከሆነ 134 ያህል። ከረጢቱ ውስጥ ስንት ከየትኛው እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ክብደትን በሚዛን መለየት ይቻላል። ቅርጽን ግን ሚዛን አይለይም። ሁለት የ124 ግሬን አረሮች አፍንጫቸው ከተለያየ፣ የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት አንድ ሆኖ ሳለ ወደ ቀለሃው ውስጥ የሚገባው ክፍል ይለያያል። የ9 ሚሊ ሜትር ቀለሃ ውስጡ ጠባብ በመሆኑ አረሩ ትንሽ ጠለቅ ሲል ግፊቱ በግልጽ ያድጋል። ድብልቅ ከረጢት እንደ ቅናሽ የማይታየኝ ለዚህ ነው፤ በአንድ የመሣሪያ ማስተካከያ ሊሞላ አይችልም፤ እየለዩ በትንሽ በትንሹ ለመሙላት ደግሞ ሙሉ ቅዳሜ ይበላል።

ከጦር ክምችት በመጣ ድብልቅ ላይ ሌላም ስጋት አለ። አንዳንዱ ልባስ ከላይ መዳብ መስሎ ከሥሩ ብረት ነው፤ ብዙ የተኩስ ሜዳዎች ብልጭታ ያስነሳል፣ ዒላማ መያዣውን ይጎዳል ብለው ይከለክሉታል። ማግኔት ቢያስጠጉት ወዲያው ይታወቃል። ጫፉ ቀለም የተቀባ አረር ካገኙ ደግሞ ብርሃን እየተወ የሚሄድ ወይም የሚያቃጥል ሊሆን ስለሚችል ለብቻው አውጥተው አይሙሉት። በአሜሪካ ለምሳሌ ለሽጉጥ የሚሆን ጋሻ በሳ አረር በፌዴራል ሕግ የተገደበ ነው፤ በሌላ አገርም ጥይት መሙላት ራሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ወይም ጨርሶ የተከለከለ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሁሉ በፊት የሚኖሩበትን አገር ሕግ ይመልከቱ።

የፋብሪካ ሁለተኛ ደረጃ

ይህ ከተነቀለ ጋር በአንድ መደርደሪያ ስለሚሸጥ ይምታታል። ጥይት ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ቀለሙ የጠቆረ፣ ጭረት ያለበት ወይም በምርት መቀያየሪያ ጊዜ የወጣ ስለሆነ ብቻ ነው ከመደበኛው የተለየው። የመንቀያ ምልክት፣ ሬንጅ፣ የጭብጥ ቀለበት የለውም። ቅናሹ ከተነቀለው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ምርጫው የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ይህን ይግዙ። ማጣራት ያለብዎት ጉድለቱ የመልክ ነው ወይስ የልክ የሚለውን ብቻ ነው።

አዲስ ግን ርካሽ፦ ልብጥና ቅብ አረር

የተነቀለ አረር እውነተኛ ተፎካካሪ ውዱ አዲስ አረር አይደለም፤ ይህኛው ነው። ልብጡ አረር ለስላሳ የእርሳስ እምብርት በኤሌክትሪክ መዳብ ተለብጦበት የሚሠራ ሲሆን፣ ቅቡ ደግሞ የእርሳስ አረር በተጋገረ ቀለም መሳይ ሽፋን ተለብሶ ነው። ሁለቱም ከባለ ልባሱ ይረክሳሉ፤ ማንነታቸውም የታወቀ ነው። ልብጡ አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ መሄድ የለበትም፤ የቀለሃው አፍም ጠንክሮ ከተጨበጠበት መዳቡ ይቆረጣል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወደ ተነቀለው ይመልሰናል። ልብጥ አረር ተነቅሎ ሲሸጥ ካዩ ይለፉት። ስስ የሆነው መዳብ በጭብጡም በነቀላውም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ በተቆረጠበት ቦታ በርሜሉ ውስጥ ይላጣል። ሽፋን የሌለው የእርሳስ አረር ተነቅሎ ሲሸጥማ ከዚያም የባሰ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ቅርጹን አይጠብቅም። ከነቀላ በደህና የሚተርፈው ባለ ልባሱ ነው።

ከዒላማ አፈር የተለቀመ እርሳስ

ተተኩሶ ከአፈር ክምር የወጣ አረር እንደገና በቀለሃ ላይ አይቀመጥም፤ የበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦዮች ገላውን ቀርጸውታል፤ ቅርጹም ጠፍቷል። ዋጋው የእርሳሱ ዋጋ ብቻ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ እንደገና ይቀዳል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ከእርሳሱ ጋር ዚንክ ተቀላቅሎ ከሆነ እርሱ የሚቀልጠው በ419 ስለሆነ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ሰው ዚንኩ ሳይቀልጥ ከላይ ሊያወጣው ይችላል። እርጥብ ቁራጭ ወደ ቀለጠ እርሳስ ከገባ ውሃው በቅጽበት ተኖ እርሳሱን ይረጨዋል። በአፈሩ ውስጥ ያልተተኮሰ ሙሉ ጥይት ተደብቆ ከነበረ ደግሞ ማሰሮው ውስጥ ይፈነዳል። ጭስና አቧራው መርዛማ ነው፤ በቤት ውስጥ፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት፣ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ብዙ ለሚተኩስ፣ የውጭ ቦታና ትዕግሥት ላለው ሰው ከሁሉም ርካሹ መንገድ መሆኑ ግን አይካድም።

ቅናሹ በእውነት ስንት ነው?

ሻጩ ከአዲሱ ዋጋ 25 በመቶ ቀነሰልዎት እንበል። ከ1,000 ፍሬ 100ው ለቅመው የሚጥሉት ከሆነ ለእያንዳንዱ ደህና አረር የከፈሉት የአዲሱን 83 በመቶ ነው፤ ቅናሹ ወደ 17 በመቶ ወረደ። 250ው ከተጣሉ ቅናሹ ዜሮ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ የሚጣለው በመቶኛ ከቅናሹ በመቶኛ ጋር ሲተካከል፣ ለመልቀም የጠፋው ጊዜ በነጻ የተሰጠ ነው።

የመላኪያ ወጪውም አለ። እርሳስ ከባድ ነው፤ 1,000 የ124 ግሬን አረር 8 ኪሎ ግራም፣ 1,000 የ230 ግሬን ደግሞ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። መላኪያው ለአዲሱም ለተነቀለውም እኩል ስለሆነ ቅናሹን ያሳንሰዋል። በላይኛው ምሳሌ መላኪያው የአዲሱን ዋጋ 10 በመቶ ቢሆን፣ 17 በመቶ የነበረው ቁጠባ ወደ 14 ይወርዳል። ስለዚህ ቅናሹ ከ20 በመቶ በታች የሆነ የተነቀለ አረር ብዙም አያጓጓኝም፤ በዚያ ዋጋ ልብጥ ወይም ቅብ አዲስ አረር ብዙ ጊዜ ይገኛል።

| አማራጭ | ማንነቱ | ወጥነቱ | ዋጋው | የሚጠይቀው ሥራ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| አዲስ ባለ ልባስ | የታወቀ | በጣም ጥሩ | ከፍተኛ | የለም | ወጪው |
| የፋብሪካ ሁለተኛ ደረጃ | የታወቀ | ጥሩ | መካከለኛ | ጥቂት መለየት | የልክ ጉድለት |
| አዲስ ልብጥ ወይም ቅብ | የታወቀ | ጥሩ | መካከለኛ እስከ ዝቅተኛ | የጭብጥ ጥንቃቄ | የፍጥነት ገደብ |
| ከአንድ ምርት የተነቀለ ባለ ልባስ | ሻጩ ካረጋገጠ የታወቀ | ከመካከለኛ እስከ ጥሩ | መካከለኛ እስከ ዝቅተኛ | ማጽዳት፣ መልቀም፣ መለካት | የጭብጥ ቀለበትና ሬንጅ |
| ድብልቅ የተነቀለ | ያልታወቀ | ደካማ | ዝቅተኛ | እያንዳንዱን መለየት | የተሳሳተ አሞላልና የግፊት መጨመር |
| ከአፈር የተለቀመ እርሳስ | ቅይጡ ያልታወቀ | በቀጂው ችሎታ | ዝቅተኛው | ማቅለጥና መቅዳት | መርዝ፣ ቃጠሎ፣ ፍንዳታ |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

መሙላት ገና የጀመረ ሰው ከተነቀለ ይራቅ። የሚማራቸው ብዙ ነገሮች አሉ፤ የማይታወቅ አረር ሲጨመርበት ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መለየት አይችልም። በአንድ ካርቶን አዲስ አረር ይጀምር።

ለልምምድ በብዛት የሚተኩስና መሣሪያው የተሟላለት ሰው ከአንድ ምርት የተነቀለ ባለ ልባስ ቢገዛ ይጠቀማል፤ በአንዴ ብዙ ይውሰድ፤ ማስተካከያውን አንድ ጊዜ ሠርቶ ሺዎችን ይሞላበታል። በወር መቶ የማይተኩስ ሰው ግን ለዚያ ሁሉ ልፋት የሚያገኘው ቁጠባ ጥቂት ነው።

ተወዳዳሪ ከሆኑ ነገሩ ጠባብ ነው። በአይፒኤስሲ (ዓለም አቀፍ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን) ውድድር የግሬን ክብደት በሰከንድ በተጓዘ ጫማ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ለዝቅተኛው ምድብ ቢያንስ 125 መድረስ አለበት። ዳኛ የሚመዝነው ከእርስዎ ጥይቶች የተወሰደ አረር ነው፤ ወጥነቱ በማይታመን ከረጢት ላይ ውጤትን ማስያዝ ለገንዘብ ቁጠባ አያዋጣም። የተነቀለውን ለልምምድ፣ አዲሱን ለውድድር ያድርጉ።

የሪቮልቨር (ባለ ተሽከርካሪ መዘውር ሽጉጥ) ባለቤት አንድ ተጨማሪ ነገር ያጣራል፦ በአረሩ ወገብ ላይ የተሠራ የጎድጓድ ቀለበት አለ ወይ? የማግነም ጥይት በኃይል ሲረግጥ በመዘውሩ ውስጥ ያሉት ሌሎች አረሮች ወደ ፊት እንዳይሳቡ የቀለሃው አፍ ወደዚያ ቀለበት ታጥፎ ይጨበጣል። ለግማሽ አውቶማቲክ የተሠራ የተነቀለ አረር ይህ ቀለበት ላይኖረው ይችላል። የውስጥ ቦዮቹ ጠርዝ ክብ በሆነ በርሜል የሚተኩስ፣ ለምሳሌ የግሎክ ባለቤት፣ ደግሞ ሽፋን የሌለው እርሳስ እንዳይጠቀም አምራቹ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ እርሳስ ቀጂነቱ ለእርሱ አይሆንም።

ራስን ለመከላከል የሚያዝ ጥይት የቁጠባ ቦታ አይደለም፤ የፋብሪካ ጥይት ይያዙ።

ከመክፈልዎ በፊትና ከረጢቱ ከደረሰ በኋላ

ሻጩን በአጭሩ ይጠይቁት፦ ከአንድ ምርት ነው ወይ? በምን መሣሪያ ተነቀለ? ክብደቱና ውፍረቱ ስንት ነው? ልባሱ ማግኔት ይስባል? ሬንጁ ተጠርጓል? የመቀመጫውን ፎቶ ቢያሳዩኝ? ለሦስቱ እንኳ ግልጽ መልስ ከሌለው ቀሪው መልስ አያስፈልግም። ከሺህ በፊት መቶ ፍሬ ለናሙና የሚሸጥ ሻጭ ካገኙ ይያዙት።

ሲደርስ ከከረጢቱ ላይኛው ክፍል ብቻ ሳይሆን ከመሃልና ከታች ሃያ ያህል ያውጡ። ክብደቱ ከተባለው ከ1 ግሬን በላይ ወዲያ ወዲህ ካለ፣ ወይም በማይክሮሜትር ሲለካ ውፍረቱ በ0.02 ሚሊ ሜትር ከተለያየ፣ ሙሉውን መመርመር ያስፈልጋል። ካሊፐር ለርዝመት ይበቃል፤ ለውፍረት ግን ማይክሮሜትር ይሻላል። ማግኔቱን በሁሉም ላይ ያሳልፉ፤ በአንድ ትሪ ላይ ዘርግቶ ማሳለፍ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ ባሩድና መለኮሻ ሳያስገቡ ጥቂት ባዶ ጥይቶችን ይሥሩና ርዝመታቸውን ይለኩ። አፍንጫውን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፈው በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገው ይግፉና ደግመው ይለኩ። አረሩ ወደ ውስጥ ከገባ ቀለሃው አልያዘውም፤ በሽጉጡ ውስጥ ወደ ላይ ሲገፋም እንዲሁ ይገባል፤ ግፊቱም ይጨምራል። አፉን ጠንክሮ በመጭበጥ ይህን ለመጠገን የሚሞክር ብዙ ነው፤ መፍትሔው ግን አረሩን መለወጥ ወይም የቀለሃውን አፍ የሚያሰፋውን መሣሪያ መመርመር ነው።

ሁሉም ከተሳካ ለተመሳሳይ ክብደትና አሠራር በታተመ ሠንጠረዥ ላይ ካለው የመነሻ መጠን ይጀምሩ፤ ይህ አረር ትናንት ከሞሉት ጋር አንድ ቢመስልም እንደ አዲስ ዕቃ ይቁጠሩት። ከተፈታ ጥይት የወጣ ባሩድ አብሮ ከተላከልዎ ማንነቱ ስለማይታወቅ አይጠቀሙበት። የለቀሙትን መጣያ አረር ለእርሳስ ቀጂ ያስቀምጡ፤ ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሬንጅ የጠረጉበትን ጨርቅም ከልብስ ጋር አያጥቡት።